ቪየና ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ምግብ መማር፦ ከምዝገባ እስከ ሽትሩደል መዘርጋት

«ቀለበትሽን አውልቂ፤ ሰዓትሽንም።»

ቪየና ውስጥ፣ ሰው ቤት፣ ሽርጤን አስሬ ሳልጨርስ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትዕዛዝ ይሄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ምክንያቱ የገባኝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛ የሚያህል ሊጥ በእጃችን ጀርባ ላይ ተዘርግቶ፣ ከስሩ ያለው የጠረጴዛ ልብስ አበባው ሳይቀር እየታየ፣ አንድ ሹል ነገር ቢነካው ከዳር እስከ ዳር ሊተረተር እንደሚችል ሳይ።

ሴትየዋ የእናቴ እኩያ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እትዬ ልበላቸው። እሳቸው ቤት በአንድ ከሰዓት የተማርኩትን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ቦታ ከፍዬ ያልተማርኩትን፣ አንድ ላይ አድርጌ ልንገራችሁ። ለስብሰባም ሆነ ለትምህርት፣ ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ለሽርሽር ቪየና ለምትሄዱ ነው የምጽፈው። እዚያው እየኖራችሁ የኦስትሪያ ሰው ማድ ቤት ገብታችሁ የማታውቁም ካላችሁ፣ ለእናንተም ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ባዶ እጃችሁን አይደለም የምትሄዱት። ቅቤ ማንጠር፣ ቁሌት ማብሰል፣ አይብ ማውጣት የሚያውቅ ሰው የኦስትሪያን ማድ ቤት ግማሹን ያውቀዋል። የምትከፍሉት ለቀረው ግማሽ ነው። እሱን በገዛ እጃችሁ የማትነኩት ከሆነ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ቤቱን መምረጥ

እንዲህ ያለውን ትምህርት እንደ ኤርቢኤንቢና ኢትዊዝ ባሉ መተግበሪያዎች ላይ ታገኛላችሁ። ፍለጋው ላይ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣል፤ የማብሰያ ስቱዲዮው፣ ምግብ ቤቱ፣ ሰው ቤቱ። ስቱዲዮ መጥፎ አይደለም፣ ግን ለየት ያለ ነገር ነው። እኔ የምለው የሰው መኖሪያ ቤት ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ የልጅ ልጅ ፎቶ የተለጠፈበት፣ መጥበሻው ብዙ ዘመን ያየ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሽፏል። የት እንደሆነ ይቅር። 12 ሆነን ገባን። ሊጡ ተቦክቶ፣ ተዘርግቶ ጠበቀን። ፖሙም ተልጦ፣ ተከትፎ። እኛ ቀረፋ ነሰነስን፣ ጠቀለልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ በላን፣ ወጣን። እህቴ ደውላ «ታዲያ ምን ተማርሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ሽትሩደል ማለት በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር የፖም ጣፋጭ ነው። ሊጡን ለማሸት 10 ደቂቃ፣ ለማሳረፍ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ለመዘርጋትና ለመጠቅለል 20 ደቂቃ፣ ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ ገደማ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ትንሽ በረድ እስኪል። ደምሩት፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ሽኒትዘል፣ ማለትም ተቀጥቅጦ ፍርፋሪ ለብሶ የሚጠበሰው ስጋ፣ እና ሰላጣ ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ «በ90 ደቂቃ ሽኒትዘልና ሽትሩደል» የሚል ካያችሁ ሊጡ ቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው፤ እለፉት።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ለአስተናጋጁ ሦስት ጥያቄ ላኩ። ስንት ሰው ነው የሚመጣው? ሊጡን እኔ ራሴ ነኝ የማሸው? የሚበስለው እርስዎ ቤት፣ እርስዎ ማድ ቤት ውስጥ ነው? ከስድስት ሰው በላይ ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። እትዬ ቤት አራት ነበርን። «ሊጡን ታሻላችሁ፣ ከደከማችሁ እኔ አለሁ» ብለው ነው የመለሱልኝ። ያን ጊዜ ነው የከፈልኩት።

ቋንቋ አያስጨንቃችሁ። እንዲህ ያሉ አስተናጋጆች አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ እጅ ብዙ ይናገራል።

ስለ ጾምና ስለ አሳማ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ

ይሄንን ክፍል አትዝለሉት። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ እዚያ ደርሶ፣ ሳህን ፊቱ ከቀረበ በኋላ «አይ፣ እኔ እንኳ…» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ቦታ በያዛችሁበት ቀን ጻፉ።

መጀመሪያ ቀኑ። ረቡዕና አርብ፣ ወይም ከትልልቆቹ አጽዋማት በአንዱ ከሆነ፣ የኦስትሪያ ማድ ቤት ቅቤ፣ እንቁላልና ስጋ ነው፤ ዳር ቆማችሁ ማየት ይሆንባችኋል። የፍስክ ቀን ምረጡ። ካልሆነላችሁ ደግሞ «ቪጋን ነኝ» ብላችሁ ጻፉ። ስለ ጾማችን ረጅም ታሪክ ከማስረዳት ይሄ ቃል ቶሎ ይገባቸዋል። ደስ የሚለው ነገር የሽትሩደል ሊጥ ራሱ የጾም ነው፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ጠብታ ኮምጣጤ፣ በቃ። ቅቤ የሚገባው ከፖሙ ስር የሚነሰነሰው የዳቦ ፍርፋሪ ላይና ሊጡ ሲቀባ ነው፤ ሁለቱንም በዘይት መተካት ይቻላል።

አሳማን በተመለከተ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልብ ይበል። ችግሩ ስጋው አይደለም፣ ስጋውማ ይታያል። ችግሩ ስቡ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ «ሽማልትስ» ብቻውን ከተባለ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ስብ ነው። «ቡተርሽማልትስ» ከተባለ ግን የቅቤ ነው፤ የኛው ንጥር ቅቤ፣ ያለ ኮረሪማ፣ ያለ አብሽ። ሽኒትዘል በሁለቱም ይጠበሳል፤ ጠይቁ። «ሽፔክ» የሚባለው የደረቀ የአሳማ ስጋ ተከትፎ ክኔድል በሚባለው ድቡልቡል ምግብ ውስጥም፣ አንዳንዴ ሰላጣ ላይም ይገባል። «ፋሺርተስ» ማለት የተፈጨ ስጋ ነው፤ የበሬና የአሳማ ቅልቅል መሆኑ የተለመደ ነው። የሽትሩደል ዘቢብ ደግሞ ብዙ ቤት ሩም ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አልኮል ካልፈለጋችሁ በፖም ጭማቂ ይሁንልኝ በሉ።

አንዲት አረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ «ኢኽ ኤሰ ካይን ሽቫይነፍላይሽ»፤ የአሳማ ስጋ አልበላም ማለት ነው። ሐላል የምትፈልጉ ከሆነ ስጋውን ይዛችሁ መሄድ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ብሩነንማርክት በሚባለው ገበያ አካባቢ የቱርክ ሥጋ ቤቶች አሉ። ወይ ደግሞ በፖም ሽትሩደልና በአትክልት መረቅ በተሠራ ድንች ሰላጣ ብቻ ተማሩ፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

ቤቱን ማግኘት

የቪየና አድራሻ ሲያዩት የሂሳብ ጥያቄ ይመስላል። ከመንገዱ ስም ቀጥሎ 12/2/14 ተብሎ ይጻፋል። 12 የሕንፃው ቁጥር ነው። 2 የደረጃው ቁጥር ነው፤ አንድ ሕንፃ ሁለትና ሦስት መውጫ ደረጃ ሊኖረው ይችላልና። 14 የበሩ ቁጥር ነው። ብዙ ሕንፃ ላይ መጥሪያው ስም የለውም፣ የበር ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ መጨረሻዋን ቁጥር ካልያዛችሁ ውጪ ትቀራላችሁ። ፎቁም ያታልላል። የድሮ ቤት ከሆነ ከመሬት ቤቱ በላይ «ሆኽፓርተር»፣ ከዚያ «ሜዛኒን» የሚባሉ ወለሎች ይኖራሉ፤ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከእነዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። እትዬ «ሁለተኛ ፎቅ ነኝ» ስላሉኝ አንደኛውን አልፌ ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳሁ፤ የማላውቀው ሽማግሌ ከፈተልኝ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረና ዘጋው። እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም መሰለኝ።

ሰዓቱንም በፈረንጅ ቁጠሩ። የተጻፈው 4 ሰዓት ከሆነ የኛ 10 ሰዓት ነው። ሥቁ፣ ግን በዚህ የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ። በሰዓቱ ድረሱ፤ ቀድማችሁም አትድረሱ፣ አስር ደቂቃ ቀድሞ ማንኳኳት ከማርፈድ እኩል ያስጨንቃቸዋል።

በር ላይ «ግሩስ ጎት» በሉ። ቃል በቃል ሲፈታ እግዜር ሰላም ይበልህ እንደማለት ነው፤ ከኛ «ጤና ይስጥልኝ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ጫማ ማውለቅ የተለመደ ነውና በሩ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ የቤት ጫማ ያቀብሏችኋል። ካልሲያችሁ ቀዳዳ አይኑረው። ባዶ እጅ መግባት ለኛ ሰው ይከብዳል፣ ስለዚህ ትንሽ ነገር ያዙ። እኔ ሩብ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ይዤ ሄድኩ፤ የቡና ከተማ ናትና ዓይናቸው በራ። ውሃ ገዝታችሁ አትሂዱ። የቪየና የቧንቧ ውሃ ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ ተስቦ የሚመጣ ነው፤ እዚያ አገር ሰው የሚኮራበት ነገር ነው።

ገበያ፣ ካለበት

አንዳንዱ አስተናጋጅ መጀመሪያ ገበያ ይወስዳችኋል። ናሽማርክት ከሆነ ያምራል፣ ግን ቱሪስት ይበዛዋል። ብሩነንማርክት ሰፈርኛ ነው፤ 16ኛው ወረዳ፣ ኦታክሪንግ ውስጥ። እሁድ ግን ገበያም ሱፐርማርኬትም በአብዛኛው ዝግ ነው፤ የእሁድ ትምህርት ከያዛችሁ ገበያ የለም ማለት ነው።

ጀርመን አገር ኖራችሁ ጀርመንኛ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ተዘጋጁ፤ የምግቡ ስም ይለያል። ቲማቲም «ፓራዳይዘር» ነው። የኛን አይብ የሚመስለው «ቶፕፈን» ነው። ክሬም «ኦበርስ» ነው። ኦስትሪያ በ1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን እንዲህ ያሉ 23 የምግብ ቃላቷ በስምምነቱ እውቅና እንዲያገኙ አድርጋለች። ድንች ደግሞ «ኤርድኤፕፍል» ይባላል፤ የምድር ፖም። እትዬ ቤት «ካርቶፍል» ያለ ጀርመናዊ ነበር፤ ሰላጣው እስኪበላ ድረስ ሲቀልዱበት ዋሉ።

ሽትሩደሉ

ከመነሻው በዚህ ጀምሩ፣ ሊጡ ማረፍ አለበትና። አስተናጋጁ በሽኒትዘል ልጀምር ካለም ሊጡን አስቀድሙ በሉት።

ለሊጡ 250 ግራም ዱቄት፣ 125 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ቁንጥር ጨው። እርሾ የለም፣ እንቁላል የለም። ዱቄቱ «ግላት» የሚባለው ነው፣ የላመው። ኦስትሪያ ውስጥ «ግሪፊግ» የሚባል ሻከር ያለ ዱቄትም አለ፤ እሱ ለድቡልቡሉ ምግብ ነው።

አንድ ላይ አድርጋችሁ እሹት። መጀመሪያ ይጣበቃል። ዱቄት ለመጨመር እጃችሁ ይሮጣል፤ ተዉት። እኔ ልጨምር ስል እትዬ እጄን ያዙኝ። አስር ደቂቃ ማሸት ብቻውን ይበቃዋል። በየመሐሉ ሊጡን አንስተው ጠረጴዛው ላይ በኃይል ያፈርጡታል፣ ያነሱታል፣ ደግመው ያፈርጡታል። ደርሷል የሚባለው ስትነኩት የጆሮ ለምለም ሲመስል ነው። እስካሁን ከሰማሁት መለኪያ ሁሉ ይሄ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ማንኪያም ሚዛንም አይፈልግም።

አድቦልቡሉትና ዘይት ቀቡት፤ በሞቀ ጎድጓዳ ሳህን ድፉበት። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ከሆነ የተሻለ። ስታሹት ዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ተወጥሯል፤ ሲያርፍ ይላላል። ሳያርፍ ብትዘረጉት እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይ ይቀደዳል።

እስከዚያ ፖሙ። አንድ ኪሎ ያህል፣ ኮምጠጥና ጠንከር ያለውን። ልጣችሁ በስሱ ክተፉ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ አድርጉበት እንዳይጠቁር። ዘቢብ አንድ እፍኝ። ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ። ስኳር 80 ግራም ገደማ፣ ግን ስኳሩን ልትጠቀልሉ ስትሉ ብቻ፤ ቀድሞ ከገባ ፖሙ ውሃ ያወጣና ሊጡን ያርሰዋል። ከዚያ 100 ግራም የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በ60 ግራም ቅቤ ላይ ቡናማ እስኪሆን አመስ አመስ አድርጉት። ፍርፋሪው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከፖሙ የሚወጣውን ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው። ይሄን ባለማወቅ ስንት ሰው ታቹ ሊጥ የሆነ ሽትሩደል በልቷል።

አሁን መዘርጋት። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሊጡን በመዳመጫ የትሪ ያህል ካደረጋችሁት በኋላ መዳመጫው ሥራው አለቀ። እጃችሁን ጨብጣችሁ፣ መዳፋችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ከሊጡ ስር አስገቡ። በእጅ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር ሳብ ሳብ። ጥፍር አይነካውም፣ ጣት አይወጋውም፣ ለዚህ ነው ቀለበቱ። ጠረጴዛውን እየዞራችሁ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቢቆም ይቀላል። አንድ ቦታ ላይ አትጎትቱ፤ የሳሳበት ቦታ ብርሃን ያሳያችኋልና ወደ ወፈረው ሂዱ።

የቪየና ሰዎች ሊጡ ከስሩ ጋዜጣ እስኪነበብ ይሳሳ ይላሉ። ለኔ ነጠላ ነው የመሰለኝ። ዳር ዳሩ ደግሞ እንደ ጥለት ወፍሮ ይቀራል፤ እሱ በመቀስ ይቆረጣል። ትንንሽ ቀዳዳ አያስጨንቃችሁ፣ ሲጠቀለል ይሸፈናል። የኔ አንድ ጥግ ላይ ክፉኛ ተቀዶ ነበር። እትዬ ከዳር የተቆረጠ ቁራጭ ለጥፈው አለፉት፤ ኋላ ሲቆረስ የቱ ጋ እንደነበር አልታወቀም።

ቀለጥ ያለ ቅቤ ቀቡት። ፍርፋሪውን ወደ እናንተ ባለው ወገን አንድ ሦስተኛው ላይ፣ በላዩ ፖሙን ደርድሩ፤ ሌላውን ባዶ ተዉት። ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ እጠፉ። ከዚያ በእጅ አትጠቅልሉትም፤ ጨርቁን ከፍ ስታደርጉት ራሱ እየተንከባለለ ይጠቀለላል። በዚያው ጨርቅ ተሸክማችሁ ትሪ ላይ፣ መዝጊያውን ወደ ታች። ቅቤ ቀብታችሁ 190 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ሲወጣ አትቁረጡት፣ ሩብ ሰዓት ስጡት። ዱቄት ስኳር በላዩ።

ታሪክ ለሚወድ፦ ከሚታወቁት የሽትሩደል አሠራሮች ጥንታዊው በእጅ የተጻፈ ነው፤ 1696 እ.ኤ.አ.፣ ቪየና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። የፖም ግን አይደለም፣ የወተት ክሬም ነው።

ድንች ሰላጣው፣ ከዚያ ሽኒትዘሉ

ሰላጣውን አሳንሳችሁ እንዳታዩት። ማዮኔዝ የለውም። አንድ ኪሎ የማይፈርስ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ትኩሱን ይላጣል፣ ትኩሱን ይከተፋል፤ ጣት ያቃጥላል፣ ግን እንጀራ ከምጣድ ያወጣ እጅ አይበገርም። ሩብ ሊትር ትኩስ የስጋ መረቅ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ጨው፣ ቁንጥር ስኳር፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት። ድንቹ ትኩስ ስለሆነ መረቁን ይጠጣል፤ ስታማስሉት ከራሱ በሚወጣው ስታርች ወፈር ይላል። ዘይት በመጨረሻ። ለጾም መረቁን በአትክልት መረቅ ቀይሩ።

ሽኒትዘል ላይ ደግሞ ኮተሌት የምታውቁ ከሆነ ቤተኛ ናችሁ። አንዱ ከአንዱ ተወለደ የሚል ክርክር አለ፤ ራዴትስኪ የሚባለው የኦስትሪያ ጄኔራል ከሚላኖ ነው ያመጣው የሚለውን ተረት እዚያ ብዙ ሰው ይነግራችኋል፣ አጥኚዎች ግን ውድቅ አድርገውታል። በኦስትሪያ ደንብ «ቪነር ሽኒትዘል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የጥጃ ስጋ መሆን አለበት። የአሳማ ከሆነ አሳማ መሆኑ መጻፍ አለበት። ምግብ ቤት ስትገቡም ይሄን አስታውሱ።

ስጋውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ቀጥቅጡት፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር። በመዶሻው ለስላሳ ወገን፣ እየገፋችሁ እንጂ እየደበደባችሁ አይደለም። ጨው። ሦስት ሳህን፦ ዱቄት፣ በሹካ ትንሽ የተመታ እንቁላል፣ የደረቀ ነጭ ዳቦ ፍርፋሪ። ዱቄቱን አራግፉ። ፍርፋሪው ላይ ስጋውን አትጫኑት። እኛ አገር ኮተሌት ሲሠራ እንዳይረግፍ ጫን ጫን እናደርገዋለን፤ እዚህ ይሄ ነውር ነው። ከተጫነ የፍርፋሪው ልብስ ስጋው ላይ ይጣበቅና አይነፋም።

መጥበሻው ላይ ንጥር ቅቤ ሁለት ጣት ከፍታ፣ 160 ወይ 170 ዲግሪ። መለኪያ ከሌለ አንዲት ፍርፋሪ ጣሉ፤ ወዲያው መንጫጫት አለባት፣ መጥቆር ግን የለባትም። ስጋው ይዋኝ። መጥበሻውን በእጀታው ያዙና ወዝወዝ አድርጉት፤ ትኩሱ ቅቤ በላዩ ሲሄድ ከስር የሚወጣው እንፋሎት ልብሱን ያነሳዋል፣ እንደ ማዕበል ይኮማተራል። እትዬ ሲያሳዩን ቀላል ይመስል ነበር። የኔ የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ወጣ፣ ሁለተኛው ግማሹ ተነፋ። አንዱን ወገን ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ገልብጡት፣ አውጡት፣ ወረቀት ላይ፣ ሎሚ። ያለብሳችሁትን ወዲያው ጥበሱ፤ ተለብሶ ከጠበቀ ፍርፋሪው ይረጥባል።

የተረፈውን እንቁላል፣ ዱቄትና ፍርፋሪ እንዳትደፉት። አንድ ላይ ይለወስና እንደ ትንሽ ቂጣ ይጠበሳል። ልጅ ያለበት ቤት ማን እንደሚበላው ግልጽ ነው።

ሁለተኛ ቀን ከተረፋችሁ ጉላሽ የሚባለውን የስጋ ወጥ የሚያስተምር ፈልጉ። የስጋውን ያህል ሽንኩርት ይገባል፣ ቀስ ብሎ እስኪፈርስ ይበስላል፣ ከዚያ ፓፕሪካ። እትዬ ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። ማማሰያውን አስረከቡኝ።

ማዕድ ላይ

መጠጥ ሲነሳ «ፕሮስት» ይባላል፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ። እኛ ደግሞ በአክብሮት ዓይን መስበር ለምደናል፤ እዚህ ግን ቀና በሉ፣ አለዚያ ንቀት ይመስላል። ዳግመኛ ብሉ ብሎ የሚለምን አትጠብቁ። አንዴ ይጠየቃል፣ አንዴ ይመለሳል። «ይብቃኝ» ካላችሁ በቅቷችኋል ማለት ነው፣ ሳህኑ ይነሳል። እኔ በልማድ «አይ ጠግቤያለሁ» ብዬ ሁለተኛውን ቁራሽ ሽትሩደል አጥቻለሁ። እቃ ለማጠብ ተነሱ፤ በነፃ ብዙ ነገር የምትማሩት እዚያ ነው። እትዬ ስለ ቅቤ አነጣጠር የጠየቁኝ መታጠቢያው ጋ ቆመን ነው፤ ኮሰረት ምን እንደሚሸት ለማስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም።

አገር ቤት ስትሠሩት

የአዲስ አበባ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ድንቹ ቪየና ከፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ በሰዓት ሳይሆን በቢላ ጫፍ ለኩት። ፖም የጨንቻ ካገኛችሁ ጠንከር ያለውን። ለሽኒትዘል የገበታ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥሩ፤ ቤት ያለውን ንጥር ቅቤ ከተጠቀማችሁ ጥሩ ነገር ይወጣል፣ ሽኒትዘል ግን አይደለም። ለመዘርጊያ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ጨርቅ ወይም ንጹሕ አንሶላ ይሁን። ሳሳ ያለ ሽመና ላይ ሊጡ ይያዛል።

እኔ በመጀመሪያ የሠራሁት ሁዳዴ ላይ ነበር፣ በዘይት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ስታይ ቆየችና ጠጋ ብላ ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይቺን ወፍራሙን ቁረጫት» አለችኝ፣ ማንም ሳይነግራት። መቀሱን ሰጠኋት። ቀለበቷን አውልቃ ቡፌው ላይ አስቀመጠችና በሌላኛው ወገን ቆመች።